ስድስት ቁጥር ከላይ

የግቢው በር ቁልፍ በለሊሳ ኪስ ውስጥ መዋል ከጀመረ ወዲህ የበላው አይጥመውም ነበር። አባቱ ጋሽ ኦልጅራ ዕድሜያቸውን የሰው በር ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን በገዛ ግቢያቸው፣ በገዛ ልጃቸው ተቆልፎባቸዋል። "ጠባቂ ሲጠበቅ አየን" ያለችው የጎረቤት ሴት ልትቀልድ ነበር። ለሊሳ ግን መሳቅ አቃተው።

ጋሽ ኦልጅራ ቀድሞ ፉሪ ላይ ጤፍና ጓያ የሚዘሩ ገበሬ ነበሩ። ከተማው መጥቶ ማሳውን ሲውጠውና የቤቱ ቦታ ብቻ ሲቀራቸው፣ መካኒሳ በሚገኝ አንድ የውጭ አገር ድርጅት በጥበቃ ተቀጠሩ። ሰዓቱን የሰጣቸው ከድርጅቱ ፈረንጆች አንዱ ወደ አገሩ ሲመለስ ነው። ያኔም አሮጌ ነበር። በእጅ የሚሞላ ሆኖ፣ መስታወቱን ዙሪያውን ያቀፈ፣ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ቁጥር የተቀረጸበት የብረት ቀለበት አለው። ጡረታ ከወጡ በኋላም አመሻሽ ላይ፣ ተረኛ ይቀያየር በነበረበት በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ካፖርታቸውን ይደርባሉ፤ ግቢውን ይዞራሉ፤ በሩን ቆልፈው ይገባሉ። የለሊሳ እናት ወይዘሮ አማከለች ከተቀበሩ ማግስት እንኳ ይህን አላስታጎሉም። ነገር መርሳት ሲጀምሩም ሰዓታቸውን አየት ያደርጉና ይረጋጋሉ።

ክረምቱ ሲወጣ ግን ቧንቧው አጠገብ አዳልጧቸው ወደቁ። እጃቸው ተረፈ፤ የሰዓቱ ቀለበት ለሁለት ተሰብሮ የላይኛው ግማሽ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆኑ። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ "ተቀያሪዬ ቀረ፤ ምን ነካው?" እያሉ ይወጣሉ። አንድ ቀን ሀና ማርያም ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር፣ ላብ አጥምቋቸው፣ አንዲት ጧፍ ሻጭ ውሃ ስታጠጣቸው ተገኙ። ለሊሳ በሩን የቆለፈው የዚያን ዕለት ነው።

"ሰዓቱ ከተሰበረ ወዲህ ነው እንዲህ የሆኑት" አለችው ሚስቱ ቲና። "እሱን አሠራላቸውና ይሄን ቁልፍ ከኪስህ አውጣ።"

ሰዓት ሠሪው ሕዝቅኤል ከአሮጌ ዕቃ ሣጥኑ ውስጥ ልኩን ቀለበት ፈልጎ አገኘለት። ለመግጠም ግን አንገራገረ። "የተረፈው ግማሽ በሙጫ ተጣብቋል። ስፈነቅለው መስታወቱ ቢሰነጠቅ ከአባትህ ጋር የምታጣላው እኔን ነው። ትተኸው ሂድና ቀስ ብዬ ልየው።"

"እስከ መቼ?"

"እስከማየው።"

ለሊሳ ሰዓቱንም ቀለበቱንም ይዞ ወጣ። እሱ ራሱ የአሉሚኒየምና የመስታወት ሠራተኛ ነው። ለቡ ላይ፣ ጀሞ ላይ፣ መስኮቱን እሱ ያልገጠመበት ፎቅ ጥቂት ነው። ሰዎች "አንተ እኮ መስታወት በፀጉር ልክ ነው የምታስቀምጠው" ይሉታል። ውሃ ልኩ ትንሽ ካዘነበለ የሠራውን አፍርሶ እንደገና ይጀምራል። መስታወት በፍሬም መያዝ ለእሱ ምን ብርቅ ነው?

እሑድ ጠዋት በረንዳው ላይ ጋዜጣ አንጥፎ ተቀመጠ። ጋሽ ኦልጅራ ዱካቸውን አምጥተው ከጎኑ ተቀመጡ። ባዶውን የእጃቸውን አንጓ በአውራ ጣታቸው ያሻሉ።

"ስንት ሰዓት ነው?"

"ሦስት ሊሆን ነው፣ አባዬ።"

መጀመሪያ ያናደደው ሙጫው ነበር። የተረፈው የቀለበት ግማሽ ከሰዓቱ ጋር አንድ ሆኖ ደርቋል። ይባስ ብሎ ደግሞ ጠማማ ነው። የቀለበቱ አሥራ ሁለት ቁጥር ወደ ታች ወርዶ ከሰዓቱ ስድስት ቁጥር ግርጌ ተዘቅዝቋል።

"እየው እስቲ!" አለ ለቲና። "የትኛው ደንባራ ነው እንዲህ የለጠፈው? አሥራ ሁለትን ከሥር! ዓይን የለውም?"

"አንተ ደግሞ የሰው ሥራ ካልነቀፍክ እጅህ አይፈታም።"

በካቻቢቴ ጫፍ ፈለቀቀው፤ ንቅንቅ አላለም። በሹል ቢላ ሞከረ፤ ቢላው አምልጦ አውራ ጣቱን ቆረጠው። ቲና በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያዋ ጥጥ ነክራ አመጣችለት። እያራሰ፣ እየፋቀ፣ እየተሳደበ ቆየ።

"ስንት ሰዓት ነው?"

"አሁን ነገርኩህ እኮ፣ አባዬ!"

ሽማግሌው እንደገና አንጓቸውን ማሻሸት ጀመሩ። ለሊሳ ስለጮኸ በራሱ ተናደደ፤ ንዴቱንም መልሶ በሙጫው ላይ ተወጣው። በመጨረሻ ቀለበቱ ቀጭ ብሎ ተነሣ። በዚያው ቅጽበት ከሥሩ የነበረች እንደ ፀጉር የቀጠነች ሽቦ ተስፈንጥራ ጠፋች። ቀለበቱን ቦታው ላይ የምትይዘው እሷ ናት።

"ማንም እንዳይንቀሳቀስ!"

"ሽንኩርቱ ሊያርብኝ ነው።" ቲና በአንድ እግሯ እንደቆመች ቀረች።

"ይረር!"

ለሊሳ በጉልበቱ ተንበርክኮ ሲሚንቶውን በመዳፉ ዳበሰ። ዱካውን አነሣ፤ ጫማውን አራገፈ። የሽንኩርቱ እርር ያለ ሽታ በረንዳው ድረስ መጣ።

"የሰው ፎቅ ከላይ እስከ ታች መስታወት ስታለብስ ትውላለህ" አለችው ቲና ከኋላው፣ "ለአንዲት ሰዓት በአራት እግርህ ሄድክ?"

"ቲና፣ ተይኝ ብያለሁ!"

አልተወችውም። ድስቷን አውርዳ፣ ከፍሪጁ በር ላይ ማግኔት ነቅላ መጥታ ወለሉን ጠረገችበት። ሽቦዋ ከደጃፉ ምንጣፍ ሥር ተለጥፋ ወጣች። ቲና ማግኔቱን ፊቱ ላይ ያዘችለት።

ቀጥሎ አዲሱ ቀለበት አልገባ አለ። በግራ ሲጫን በቀኝ ይነሣል፤ በቀኝ ሲጫን ሽቦዋ ትወጣለች። የቆሰለው ጣቱ መስታወቱን በደም አቀለመው። ሁለት ጊዜ ሰዓቱን ከግድግዳው ጋር ሊያላትመው እጁን አነሣ። በመጨረሻ በጨርቅ ጠቅልሎ በሁለት መዳፉ ሲጫነው ቀጭ አለ። አሥራ ሁለቱን ከአሥራ ሁለቱ ትይዩ አደረገ፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ገልጦ፣ ደግሞ አየው። ፀጉር አያስገባም። ተንፍሶ ሰዓቱን ከአባቱ አንጓ ላይ አሠረ።

"በል እየው፣ አባዬ። እንደ አዲስ ሆነልህ።"

ጋሽ ኦልጅራ ሰዓቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ከዚያ ብድግ ብለው ካፖርታቸውን ከሚስማሩ ላይ አወረዱ።

"ወዴት ነው?"

"አሥራ ሁለት ሆኗል። ተቀያሪዬ አልመጣም።"

ለሊሳ ተነሥቶ ፊታቸው ቆመ። "አባዬ! ቀትር ነው! ፀሐይዋን አታያትም? ስድስት ሰዓት ነው!"

ሽማግሌው ፀሐይዋን አዩ፤ ሰዓታቸውን አዩ፤ ግራ ተጋቡ። እጃቸው የካፖርቱ እጅጌ ውስጥ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።

"እንግዲያ ውጪው ለምን ዋሸኝ?" አሉ።

"የቱ ውጪ?"

"ውስጡ የፈረንጆቹ ነው። እነሱ ቀትርን አሥራ ሁለት ነው የሚሉት። ውጪው የእኛ ነበር።" ቀለበቱን በጣታቸው ዳሰሱ። "አማከለች ናት ያዞረችው። እኔ የነሱን ሰዓት ወደኛ ስቀንስ ስደምር ተምታታብኝና የእህቷ ባል ቀብር አመለጠኝ። በጣም ተቆጣች። ሰዓቱን ከእጄ ላይ ፈትታ 'ውስጡ ለእንጀራህ፣ ውጪው ለኔ' አለችኝ። ዳግም እንዳይዞር ደግሞ ጫማ በምናጣብቅበት ሙጫ ያዘችው።"

ለሊሳ ከአባቱ ፊት ቆሞ በልቡ ቀለበቱን አዞረው፤ ስድስቱ ወደ ላይ መጣ። የተሰበረው የላይኛው ግማሽ ነበር። ቀትር ላይ ሽማግሌው ሰዓታቸውን ሲያዩ ከላይ የሚጠብቃቸው የእናቱ ስድስት ቁጥር የለም፤ የፈረንጆቹ አሥራ ሁለት ብቻ ነው ያለው። ሰዓቱ አሥራ ሁለት ካለ ደግሞ ተረኛ መቀየር አለበት። እንዲህ ሆኖ ሳለ ሁሉም ሰው "አእምሯቸው ሄደ" አለ። ከእነሱም አንዱ እሱ ነበር።

ዞር ብሎ ጋዜጣውን አየ። የሙጫው ፍቅፋቂ እንደ ጥፍር ቁራጭ ተበትኗል። ጠዋቱን ሙሉ "ደንባራ" እያለ ሲሰድባት የዋለው እናቱን ነው። ቲና ደጃፉ ላይ ቆማ ሰምታለች። ለሊሳ ከጋዜጣው ላይ ፍቅፋቂውን ሊሰበስብ እጁን ዘረጋ። ምን እንደሚያደርገው ግን አላወቀም፤ ተወው።

"አምጣው፣ አባዬ።"

ቀለበቱን በአውራ ጣቱ ገፋው። ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ዞረ። ስድስቱ ወደ ላይ ሲደርስ ቆመ። መስታወት የሚያጣብቅበትን ሙጫ አምጥቶ በመርፌ ጫፍ ነካ አደረገበት። የቆሰለው ጣቱ አዳልጦት ቀለበቱ ትንሽ ወደ ቀኝ አዘነበለ። ሊያስተካክለው ሲል ሙጫው ያዘ። ሌላ ሥራ ቢሆን ያፈርሰው ነበር፤ ይህን ግን ተወው።

ጋሽ ኦልጅራ አዩት። "ስድስት ሰዓት" አሉና ካፖርቱን አወለቁ። "ምሳ የለም እንዴ እዚህ ቤት?"

"አለ፣ አባቴ" አለች ቲና። "ያረረ ነው እንጂ አለ። ልጅዎን ይጠይቁት።"

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ማንም "ስንት ሰዓት ነው?" ብሎ አልጠየቀም። ለሊሳ ግን አላመነም። ነገ ያው ፀሐይ ትወጣለች፤ ሙጫ ደግሞ ያስታውሳል እንጂ አያድንም። ያዘነበለውን ቀለበት ከሩቅ እያየ እንዳያፈርሰው ጥርሱን ነከሰ።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሽማግሌው ካፖርታቸውን ደርበው ግቢውን ዞሩ። በሩ ጋ ደርሰው ነቀነቁት፤ ተቆልፏል። ወደ ልጃቸው መጡና እጃቸውን ዘረጉ።

"ቁልፉን።"

"አባዬ፣ ቆልፌዋለሁ እኮ።"

"አይቻለሁ። ተረኛው እኔ ነኝ።"

ለሊሳ ቲናን አያት፤ ቲና በአገጯ ወደ ሽማግሌው እጅ አመለከተችው። ቁልፉን አውጥቶ ሰጣቸው። ጋሽ ኦልጅራ በሩን ከፈቱ፤ ወደ መንገዱ አንገታቸውን ብቅ አድርገው ግራና ቀኝ አዩ። ለሊሳ አንድ እርምጃ ወደ በሩ ቀረበ። ሽማግሌው መልሰው ከውስጥ ቆለፉና ቁልፉን ከካፖርታቸው ኪስ ጨመሩ።

"ምን ትገተራለህ?" አሉት በአጠገቡ ሲያልፉ። "ግባና ጣትህን ታጠብ።"