የበቆሎው ትኩሳት

በእህል መጋዘኑ ሁሉም «ትኩሳት ለኪዋ» ይሏታል። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት እጅጌዋን እስከ ብብቷ ሰብስባ ክንዷን በእህሉ ክምር ውስጥ ትከታለች። ቀዝቃዛ ከሆነ «ደኅና አድሯል» ብላ ወደሚቀጥለው ታልፋለች።

በአንድ ዝናባማ ወር፣ በደንብ ያልደረቀ በቆሎ በጭነት መኪና መጥቶ ተራገፈ። በሁለተኛው ሳምንት ክንዷን ብትከት፣ የክምሩ መሃል እንደታመመ ሕፃን ግንባር ይፋጃል። በቀጥታ ወደ አለቃዋ ሄደች፤ በልጇ ዕድሜ ያለ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው።

«ልጄ፣ በቆሎው ትኩሳት ይዞታል።»

«ቆርቆሮው ነው ያሞቀው እማማ።»

«ቆርቆሮው ያለው ከላይ ነው፣ ሙቀቱ ግን ከመሃል ነው። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነው ልጄ።»

አለቃው ሳቅ ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

እሷ ግን ነገሩን አልተወችውም። ቤት ገብታ የሳይንስ መምህር ለሆነችው ልጇ ነገረቻት። ልጇም ከዚያው በቆሎ ሁለት እፍኝ አስመጥታ አንዱን ቀቀለች፣ ሌላውን ጥሬውን ውሃ ውስጥ ነከረች። እንዳይሻግቱ ሁለቱንም በበረኪና አለቀለቀችና በየፔርሙሱ ከታ፣ አፋቸውን በጥጥ ወትፋ ቴርሞሜትር ሰካችባቸው። በሦስተኛው ቀን እናትና ልጅ ፔርሙሶቹን አቅፈው አለቃው ቢሮ ገቡ። የተቀቀለው እንደ ክፍሉ አየር ቀዝቃዛ ነው፤ የተነከረው ግን በሰባት ዲግሪ በልጦታል።

«እሳት የለ፣ ምን የለ፤ ይሄ ከየት መጣ?» አለ አለቃው።

«ጥሬው ሕይወት አለው፤ ይተነፍሳል» አለችው መምህሯ። «ፍሬው ውስጥ ያለውን ምግብ ከኦክስጅን ጋር እያዋሃደ ኃይል ያወጣል። ከፊሉን ለመብቀል ይጠቀምበታል፣ የቀረው ሙቀት ይሆናል። የተቀቀለው ሞቷል። እርጥብ እህል ደግሞ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ሻጋታ ሲጨመርበት እሱም አብሮ ይተነፍሳል።»

አለቃው የሞቀውን ቴርሞሜትር ደጋግሞ አየው። ከዚያ ኮቱን አውልቆ አካፋ ፍለጋ ወጣ።

ደግነቱ ፀሐይ ወጣ። ሠራተኛው ሁሉ በቆሎውን ሲሚንቶው ላይ አስጥቶ፣ እየተቀላለደ ሲያገላብጥ ሰነበተ። ከመሃል የሻገተ ጥቂት ኩንታል ተጣለ እንጂ ሌላው ተረፈ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አለቃው ጥላ ሥር ጋደም ብሎ እያዛጋ ጠየቃት።

«እማማ፣ እኔስ የበላሁትን እንደ በቆሎው ነው የማደርገው?»

«እንደሱው ነው። በቆሎው ግን እንዳንተ አያዛጋም፤ በል ተነስና አገላብጥ።»

ሠራተኛው በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሱሪውን እያራገፈ ተነሳ።