አምስት ጊዜ የጻፍኩት ናፍጣ

አርባ ምንጭ ከመጣሁ ዓመት ቢሞላኝም ከመሥሪያ ቤት ስልክ በቀር በስሜ የሚጠራኝ አልነበረም። መሥሪያ ቤቴ ሙዝ እየገዛ ለአዲስ አበባ ሱቆች ያከፋፍላል። እኔን የላከኝ ሙዝ አቅራቢዎቹ የሚያቃጥሉትን ነዳጅ መዝግቤ እንዲቀንሱ እንድረዳቸው ነው። እናቴ በስልክ “እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?” ስትለኝ “ጭስ እቆጥራለሁ” እላታለሁ። እሁድ እሁድ አከራዮቼ ቸርች ሲሄዱ ግቢው ጭር ይልና ሆድ ይብሰኛል።

ከአቅራቢዎቹ የምወደው ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የሚያለሙትን አምስት ጎረቤታሞች ነበር። ትልቁ፣ አባባ የምላቸው ሰውዬ፣ ሳያበሉኝ አይለቁኝም። ከበቆሎ ዱቄት ተድቦልቡሎ የተቀቀለውን ኩርኩፋ ከሽፈራው ቅጠል ጋር ያቀርቡልኝና “ብዪ ልጄ፣ ከስተሻል” ይሉኛል። በዚያ ዓመት መክሳቴን ያየ ሌላ ሰው አልነበረም።

ቅጹ ላይ “የውሃ ፓምፕዎ በሳምንት ስንት ሊትር ናፍጣ ይጠጣል?” የሚል ጥያቄ አለ። አባባ “አርባ” አሉኝ። ጎረቤታቸውም አርባ አለ። አምስቱም አርባ! አንድ ዓይነት ማሽን ገዝተዋል ማለት ነው ብዬ፣ ሥራው ስለቀለለልኝ ደስ እያለኝ ጻፍኩ። ባለሙያ ተብዬዋ እኔ ነኝ።

ከወር በኋላ ከዋናው ቢሮ ውሳኔ መጣ። አምስቱ ከማሳቸው ስፋት አንጻር ብዙ ናፍጣ ስለሚያቃጥሉ ከአቅራቢነት ወጥተዋል፤ የነሱ ድርሻ ከምዕራብ ዓባያ ይገዛል። ልነግራቸው ሄድኩ። ወንዙ ዳር አንዲት የዛገች ፓምፕ ከበው የውሃ ተራ ይጠብቃሉ።

“የማን ናት?” አልኩ።

“የሁላችን ናታ” አሉ አባባ።

“ታዲያ ለምን ሁላችሁም አርባ አላችሁኝ?”

“አርባ ነዋ የምትጠጣው። የጋራውን ይሄ የኔ፣ ያ የሱ ብሎ መቆራረጥ እኛ ጋ ነውር ነው።”

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያንኑ ናፍጣ አምስት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ዓመት ሙሉ ምሳቸውን ስበላ አንድ ቀን እንኳ ወንዙ ድረስ ወርጄ ማሽኑን አላየሁም። እዚያው ቆሜ ለአለቃዬ ደወልኩና ስህተቴን ነገርኩት። የዘንድሮው ዝርዝር ተዘግቷል፣ ለከርሞ ይመዝገቡ አለኝ። ጮኽኩበት፤ ስልኩን ዘጋብኝ።

ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ለአምስቱም ነገርኳቸው። በጋሞኛ ረጅም ጊዜ ተነጋገሩ፤ አንዲት ቃል እንኳ አልገባኝም። በመጨረሻ አባባ ዞር ብለው “አይዞሽ” አሉኝ። ያ ሁሉ ንግግር ለኔ ሲደርስ ይህችው ብቻ ሆነች። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በሳምንቱ የጭነት መኪናችን ወደ ምዕራብ ዓባያ ሲሄድ አብሬ ተሳፈርኩ። ከተማው መውጫ ላይ አምስቱ ሙዛቸውን በጋሪ አምጥተው መንገድ ዳር ደርድረዋል፤ ደላላ ይጠብቃሉ። አባባ ጋቢና ውስጥ አዩኝና እጃቸውን አነሱ። መኪናው አልቆመም።

“ዘመዶችሽ ናቸው እንዴ?” አለኝ ሾፌሩ።

“አይደሉም” አልኩት።