አንድ ስንዝር ከፍ ያለች መኪና

ነገሩ የተጀመረው በመስከረም አጋማሽ፣ ሐሙስ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ ጎንደር ከተማ ውስጥ በአንድ ጋራዥ ደጃፍ ነው። የጉዞው ዓላማ በዚያን ሰዓት ሽርሽር ብቻ ነበር። እጮኛዬ ግርማ ከአንድ የውጭ አገር ሰው ያገለገለች ጂፕ ገዝቷል። ስሜን ተራራ ወጥተን ዋልያ ልናይ ተስማምተናል። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ በከተማው አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ፊት ካልሆነ ሰው መሐል መናገር አይሆንልኝም።

መካኒኩ አያ ዘለቀ ሙያውን በጣሊያን ጊዜ የተማሩ ሽማግሌ ናቸው። ሦስት ዓይነት ጎማ ግድግዳው ላይ አስደግፈው አሳዩን። አንዱ ጠባብና ጥርሱ ያለቀ ነው። ሁለተኛው ሰፊና ለስላሳ፣ ለቆላ አሸዋ የተሠራ። ሦስተኛው ጥርሱ ጥልቅና የተራራቀ ነው፤ እሱም ትንሽና ትልቅ አለው። ከመኪናዋ ጋር የመጣውን መጽሐፍ አንብቤው ስለነበር ሦስተኛውን፣ ግን ትንሹን እንዲመርጥ ለግርማ በጆሮው ነገርኩት። ጥርሱ የተራራቀ ጎማ ጭቃውን እየተፋ ይሄዳል፤ ትንሹ ደግሞ ጠባብ ስለሆነ ጭቃውን ቆርጦ ከጠንካራው መሬት ይደርሳል።

«ጥርሱን ተቀብያለሁ» አለ ግርማ። «ቁመቱ ግን ትልቁ ይሁን።»

«ትልቁ ጭቃ መከላከያውን ይነካል» አሉ አያ ዘለቀ። «ባሌስትራው ካልተነሳ አይሆንም።» ባሌስትራ የመኪናዋን ክብደት የሚሸከሙት ተደራራቢ የብረት ቅጠሎች ናቸው።

«ምን ያህል ያነሱልኛል?»

«አንድ ስንዝር። ከዚያ ካለፈች ጠመዝማዛው ላይ ትተኛብሃለች።»

«እናቴ በምን ትወጣለች?» አልኩ።

አያ ዘለቀ ሳቁ። «ምነው የኔ ልጅ፣ እናትሽም ዋልያ አማራቸው?»

ከበሩ ሥር መርገጫ ብረት ቢበየድ ብዬ ነበር። ግርማ ድንጋይ ይይዘዋል፣ መልኳንም ያበላሻል አለ። ድንጋይ መያዙ እውነት ነው። በማግስቱ ጂፗ ተነስታ ቆመች። ለመውጣትም ለመውረድም የግርማን እጅ መያዝ ነበረብኝ።

ዓርብ ማታ ከዳባት ማዶ መልእክተኛ መጣ። የእናቴ ወንድም ታሟል። እናቴና አጎቴ በአባታቸው ርስት ተጣልተው፣ እኔ ነፍስ ሳላውቅ ጀምሮ ሰላም አይባባሉም። «ሳላያት አልሞትም ይላል» አለ መልእክተኛው። «ይቅር ልበላት፣ ይቅር ትበለኝ ብሏል።» ግርማ ይህን ሲሰማ አንድ ጊዜ እንኳ አላመነታም፤ ስሜኑ ይቆየን፣ አደርሳቸዋለሁ አለ።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ከሰፈራችን ከቁስቋም

ጎረቤታችን ቄስ በቅሏቸው ላይ የሚወጡበት ድንጋይ ደጃቸው ላይ አለ። ግርማ ጂፗን አስጠጋ፤ እናቴም ከድንጋዩ ላይ ተሻግራ ገባች። ለወንድሟ የጋገረችውን ድፎ በአገልግል አድርጋ ጉልበቷ ላይ ያዘች። ከኋላ ተቀምጣ በነጠላዋ ተሸፈነች። በእኛ አገር አማትና አማች ይተፋፈራሉ። እናቴ ግርማን በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ የምትፈልገውን ሁሉ በእኔ በኩል ታስብላለች።

አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ከመንገድ ዳር ቤት ሻይ ጠጣን። እናቴ አልወርድም ስላለች ብርጭቆዋን በመስኮት አቀበልኳት። ከዚያ ወዲያ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል፤ ገብሱም ራስ አውጥቷል። በየጠመዝማዛው ጂፗ ወደ ገደሉ ስታዘነብል እናቴ ወንበሬን ከኋላ ጨምድዳ ትይዛለች።

ከዳባት አልፈን ወደ ቀኝ በእርሻ መንገድ ገባን። ጭቃው እስከ ቸርኬው ነው፤ ጎማው ግን እየተፋ አለፈ። ከአጎቴ መንደር ልንደርስ አንድ ሸለቆ ሲቀረን፣ ከመንገዱ ዳር አንድ ሚካኤል አለ።

«አቁም በይው» አለች እናቴ። «ወንድሜን በሕይወት እንዲያገናኘኝ፣ ደጁን ሳልሳለም አላልፍም ብዬ ተስያለሁ።»

ግርማ ሞተሩን አጠፋ። እናቴ በሆዷ ተንሸራታ ወረደች፤ ደጁንም ተሳልማ ተመለሰች። መውጣቱ ግን አቃታት። ጉልበቷ አይታጠፍም። ከሥር ደግፌ ገፋኋት፣ እኔም ጭቃው አንሸራቶኝ ሁለታችንም ወደቅን። በአካባቢው ያለው ድንጋይ የቤተ ክርስቲያኑ ካብ ብቻ ነው፤ እሱን ማንም አይነካም።

ግርማ እጁን ዘረጋ። «እማማ፣ እኔ ላንሳዎት። ዓይን እስኪጨፈን ያልቃል።»

እናቴ ወደ ኋላ ሸሸች። «በይው ልጄ፣ እግዜር ይስጠው። በአማች እቅፍ ገብቼ ወንድሜን ምን ፊት ይዤ ላየው ነው?»

ከማዶ እርሻ የሚያርሙ ሁለት ሰዎች ቀና አሉ፤ አንዱ ሌላውን ጠየቀው።

«ምነው አያ ደሴ፣ ማኪናዪቱ አልሄድም አለች?»

«እሷማ ትሄዳለች፤ የሚወጣባት ጠፋ እንጂ። ግመል ብትሆን ይኼኔ ተንበርክካ ነበር።» ቀጥሎም ድምፁን ከፍ አድርጎ ጮኸልን። «እሜቴ፣ ከወንዙ አፋፍ የእርከን ካብ አለ። እዚያ ላይ ሆናችሁ ውጡ።»

አፋፉ ለጤነኛ እግር ቅርብ ነው። ለእናቴ ግን ሩቅ ነበር። ትከሻዬን ይዛ በየጥቂቱ እየቆመች ተጓዘች። ግርማ እስክንደርስ ብሎ ሞተሩን ሳያስነሳ ከመኪናዋ ጎን ቆሞ ጠበቀ። ካቡ ዘንድ ስንደርስ መጣ፤ እናቴም ከላይ ሆና ተሻገረች። ወንዙ ሞልቶ ነበር። ጂፗ ውኃውን ሰንጥቃ ያለ ምንም ችግር ማዶ ወጣች።

«አየሽ?» አለኝ ግርማ ፊቱ በርቶ። «ያ ትንሹ ጎማ ቢሆን እዚህ እንቀር ነበር።»

እውነቱን ነው። ወዲያው የለቅሶ ድምፅ ሰማን።

አጎቴ ቤት

እኔ የግርማን እጅ ይዤ፣ እናቴ በሆዷ ተንሸራታ ወረድን፤ እሷም እያነከሰች ሁላችንም ወደ ግቢው ተጣደፍን። የአጎቴ ሚስት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከደጅ ቆማለች። እናቴን ስታይ ለመሳም እንኳ አልቀረበችም።

«የማኪናዪቱን ድምፅ ከሸለቆው ማዶ ሰማነው» አለች። «መጣችልህ አልነው። ደግፉኝ አለና ተቀመጠ። ጋቢውን አስተካክሉልኝ አለ። ኋላ ድምፁ ጠፋ። ጠበቅን፣ ጠበቅን። ‹ሚካኤል ደጅ ደርሳ ልቧ እንቢ አላት፤ ተመለሰች› አለ። አትመለስም ብንለው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። በዚያው ቀረ።»

እናቴም ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ከዚያ፣ «በእግሬ እየመጣሁ ነበር» አለች። «በእግር የሚመጣ ሰው ድምፁ አይሰማም።»

በዚያው ቀን ማምሻ ተቀበረ። ከቀብር ስንመለስ ግርማ ወደ አጥሩ ጠራኝ። ማዘኑ ያስታውቃል። ነገር ግን፣ «ያዘገየን የእናትሽ እፍረት ነው» አለኝ። «መኪናዋ ምንም አልበደለች። ባነሳቸው ኖሮ በሕይወት ያገኙት ነበር።» እሑድ ማለዳ ለሥራው ሲል ወደ ጎንደር ወረደ። እኛ ለሠልስት ቆየን።

መልስ

ማክሰኞ ዘመዶች እናቴን በበቅሎ እስከ ዳባት ሸኟት። ከዳባት አውቶቡስ ያዝን። የአውቶቡሱ ደረጃ ዝቅ ያለ ነው፤ እናቴ ብረቱን ይዛ ብቻዋን ወጣች። ያን ሳይ ከቀብሩ ላይ ያልመጣው እንባዬ መጣ። መስኮቱን ተጠግቼ ስለ ጉዞው አሰብኩ። ጎማና ባሌስትራ ስንመርጥ መኪናዋ በምን ላይ እንደምታልፍ ሁሉም ጠይቋል፤ ጭቃውን፣ ወንዙን፣ ድንጋዩን። ማን ይወጣባታል የሚለውን የጠየቅሁት እኔ ነበርኩ፤ ተሳቀብኝ።

ቁስቋም ስንገባ መሽቷል። እናቴ እሳቱ ዳር ተቀምጣ አገልግሏን ጠየቀችኝ። ለካስ ለቅሶውን ሰምተን ስንጣደፍ ጂፗ ውስጥ ቀርቷል።

በማግስቱ ጠዋት ከደጃችን የጂፗ ጥሩምባ ተነፋ። ወጣሁ። ከጂፗ በር ሥር አዲስ የብረት መርገጫ ተበይዷል፤ ቀለም እንኳ አልተቀባም።

«ለእናትሽ አሠራሁላቸው» አለ ግርማ። «በስንዝር ዝቅ ይላል። ድንጋይ ቢይዘውም ይያዘው።»

መርገጫውን ረግጬ ወጣሁ። ከኋላው ወንበር ሥር አገልግሉን አገኘሁት፤ ድፎው ሻግቷል። «ያዘገየን የእናትሽ እፍረት ነው» ያለኝ ከጆሮዬ አልወጣም ነበር፤ እሱ ያሰረልኝን ቀለበት አውልቄ መሪው አጠገብ አስቀመጥኩ። ግርማ እጁን ሊሰጠኝ ዞሮ መጣ። እኔ ግን አገልግሉን አቅፌ በመርገጫው ወረድኩ፤ ከዚያች መኪና የማንንም እጅ ሳልይዝ ስወርድ የመጀመሪያዬ ነበር።