ለማንም የማይነገር የይለፍ ቃል

ሳውዲ፣ አል-ዓሪዳ ውስጥ በምሠራበት ቤት የአሠሪያችንን ፍየሎች የሚጠብቀው የወሎ ሰው፣ ስልኩ ሞልቶበት ወደ ወጥ ቤቱ በር መጣ። አገር ቤት ያለች ልጁ ገና አፏን ስትፈታ የተቀዳ ድምፅ አለው፤ ያ ድምፅ እንዳይጠፋበት ፈርቷል። እኔ ከሰው ጋር ሳወራ ዓይኔን ከመሬት የማላነሳዋ፣ ኮምፒውተር ተምረሻል ሲለኝ ጊዜ መምህር ሆንኩ። ኢሜይል ከፍቼለት ድምፆቹን እዚያ አስቀመጥንና ከስልኩ አጠፋናቸው።

"የይለፍ ቃሉን ለማንም እንዳትናገር፤ ለእኔም ቢሆን። ወረቀት ላይም አትጻፈው" አልኩት። ሲጽፍ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

በሳምንቱ ስልኩ የፍየሎቹ ገንዳ ውስጥ ገብቶበት ሌላ ስልክ ይዞ መጣ።

"የይለፍ ቃሉስ?"

"ለማንም አትንገር አልሽኝ፤ ለራሴም አልነገርኩት።"

የማውቀውን ሁሉ ብሞክር ኢሜይሉ አልከፈት አለኝ። እሱ ሚስቱ ጋ ደወለ።

"አንቺ፣ የልጅቷ ድምፅ ስልክሽ ላይ አለ?"

"የት ይሄዳል? ከዚህ አይደል የላክሁልህ?"

"ኸላስ እህቴ፣ ተይው" አለኝ።

ድምፆቹ ከሚስቱ ስልክ ወደ እሱ አንድ በአንድ ይገቡ ጀመር። አራት ዓመት ኮምፒውተር ስማር መጀመሪያ ላኪውን ጠይቂ ያለኝ መምህር አልነበረም፤ ካለኝም ያን ቀን ከክፍል ቀርቻለሁ።