ከሲማዳ የመጣችው ንግሥት

ልጅ ሳለሁ ልዑል ማለት ለእኔ እስከ ቅንድቡ ዱቄት የለበሰ ሰው ነበር። ዘውድ ደፍቶ በነጭ ፈረስ የሚመጣውን ያየሁት በኋላ፣ የራሴን ስልክ ይዤ ፊልም ማስጫን ስጀምር ነው። ያኔ ንፋስ መውጫ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው የኪራይ ግቢያችን፣ ልዑላችን የወፍጮ ቤቱ ደሳለኝ ነበር። ተረት ነጋሪያችንን እታለም ብርቄን ስለሚወዳት እኛ ልጆቹ ነን የሾምነው።

እታለም ብርቄ ከባሏ ተፋትታ ዓረብ አገር የሄደች፣ ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ሴት ናት። የአሠሪዎቿ ልጅ ከልዑልና ከድሃ ልጅ ፍቅር ሌላ ፊልም አይጥማትም ነበርና፣ ብርቄም ልብስ እየተኮሰች አብራት ስታይ ከረመች። ተዋንያኑ የሚናገሩት እንግሊዝኛ፣ ከሥር የሚጻፈው ዓረብኛ። እሷ ዓረብኛን በጆሮዋ እንጂ በዓይኗ አታውቀውም። ስለዚህ ንግግሩን ሁሉ ከራሷ ሞላችው፤ ለእኛ ስትነግረን የባሕር ማዶው ልዑል እንደ እኛ እንደ ጋይንት ሰው ይምላል፣ እንደ ጋይንት ሰው ይቀልዳል፣ ሲርበው የገብስ ቂጣ ያምረዋል።

ያኔ፣ አመሻሽ ላይ መብራት ሲጠፋና ነፋሱ የጣራውን ቆርቆሮ ማንኳኳት ሲጀምር፣ የከሰል ምድጃዋን በሩ ላይ ታወጣለች፣ ድንቹን ፍም ውስጥ ትቀብራለች፣ ፋኖሷን ምስማር ላይ ትሰቅላለች፤ እኛም የድንቹ ልጣጭ ከስሎ ሲሸትተን፣ የፋኖሱ ጭስ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን፣ ለመጠጋት እየተገፋፋን እንከባታለን። ልጅ ብቻ አይደለም። እናቴ የምትለቅመውን ምስር በሰፌድ ይዛ ትመጣለች። ጎረቤታችን አያ ሙላቱ፣ የትምህርት ቤት ዘበኛው፣ ወደ ጥበቃ ከመሄዳቸው በፊት «እስቲ የዚያን የንጉሥ ልጅ ነገር» ብለው ይቀመጣሉ።

ነገሩ ሁሌም አንድ ነው። ልዑሉ ቤተ መንግሥት ይሰለቸዋል፣ ተራ ልብስ ለብሶ ይወጣል፣ ዳቦ የምትሸጥ ልጅ ያያል፣ እናቱ ንግሥቲቱ አይሆንም ትላለች፣ በኋላ ግን ሠርግ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ጠብ ተነሥቷል። ልዑሉ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ተንበርክኮ ቀለበት ሲያወጣ አያ ሙላቱ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ ቆይ! ብቻውን ነው የመጣው?»

«ብቻውን ነው አያ።»

«የንጉሥ ልጅ ሆኖ ሽማግሌ አጣ?»

«ፊልሙ እንዲያ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?»

«እንዲያማ ከሆነ ጠለፋ ነው። ልጆቹን ምን እያስተማርሽብን ነው?»

ከዚያ በኋላ ልዑሉ ሽማግሌ ሳይልክ አግብቶ አያውቅም። ብርቄ ከሽማግሎቹ አንዱን ጥላ የያዙ ቄስ አደረገቻቸው፤ ሁሉም «ቃላችን ካልተሰማ አንቀመጥም» ብለው ዳቦ ቤቱ ውስጥ ይቆማሉ። አያ ሙላቱ «እህ፣ አሁን ፊልም ሆነ» አሉ።

ደሳለኝ ግን ሽማግሌ መላክ አልቻለም። ሲማዳ ያሉት እናቱ፣ እማማ የሻረግ፣ «ፈት፣ ያውም ዓረብ አገር የከረመች? እኔ ቁሜ እያየሁ አይሆንም!» ብለዋል። እሱም የእናቱን ቃል የሚረግጥ ሰው አልነበረም። ወሬው ግቢያችን ሲደርስ ብርቄ ተረቱን አቆመች። «ፊልሙ አልቆብኛል» ትለናለች። አንድ ቀን ለእናቴ «ተመልሼ ብሄድ ይሻለኛል፤ ደላላውን አነጋግሬዋለሁ» ስትላት ሰማሁ። እናቴ ምስሯን መልቀም ቀጠለች። ያኔ እኔ ስለ ጋብቻ ምን አውቃለሁ? የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ የደሳለኝ እናት እሺ ካላሉ እታለም ብርቄን እናጣታለን።

ክረምት መግቢያ ላይ የግቢው በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። አንዲት አሮጊት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እግራቸው እስከ ባት ጭቃ።

«ብርቄ የምትባል እዚህ ናት?»

ብርቄ ከክፍሏ ወጣች። ደሳለኝ ግንባሩን ያገኘው ከእሳቸው ስለሆነ ማንነታቸውን መጠየቅ አላስፈለጋትም። ጎንበስ ብላ «ይግቡ እማማ» አለች።

«አልገባም። አንድ ቃል ተናግሬ ነው የምመለስ።»

ቃሉን ግን መናገር አልቻሉም። በረዶ ጣለ። የጋይንት በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰው ጆሮው ሥር የተጮኸለትን አይሰማም። እሳቸው አፋቸውን ከፈቱ፣ ብርቄ ራሷን ነቀነቀች፣ እንደገና ከፈቱ፣ ምንም የለም። በመጨረሻ እየተቆጡ ገቡና ምድጃው አጠገብ ባለ ሦስት እግር ዱካ ላይ ተቀመጡ። እኛም ከበረዶው ሽሽት አስመስለን ተከትለን ገባን፤ እናቴም፣ አያ ሙላቱም።

በረዶው ወደ ዝናብ ሲለዝብ መብራት ጠፋ። ፋኖሱ ተለኮሰ። እኔ አላስቻለኝም፤ «እታለም፣ ተረት» አልኳት። እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ።

«የምን ተረት?» አሉ እማማ የሻረግ።

«የንጉሥ ልጅ ነገር ነው፤ ደግ ነው፣ ይስሙት» አሉ አያ ሙላቱ።

«ዝናቡ እስኪያባራ ንገሪያቸዋ» አሏት እማማ የሻረግ።

ነገረችን። እንደ ወትሮው ጀመረች፤ ልዑሉ ተራ ልብስ ለበሰ፣ ልጅቱን አየ። ንግሥቲቱ ዘንድ ስትደርስ ሌላ ጊዜ አፍንጫዋን ይዛ በቀጭን ድምፅ ታስቀን ነበር፤ ያን ዕለት አልያዘችም። ቀስ ብላ «አይሆንም አለች» ብቻ አለች።

«ክፉ!» አለች ታናሽ እህቴ።

«ክፉ አይደለችም» አሉ እማማ የሻረግ። እጃቸውን ፍሙ ላይ እንደዘረጉ ቀሩ። «ስንት ልጅ አላት?»

«አንድ» አለች ብርቄ።

«ባሏስ?»

«ሞቶባታል።»

«ታዲያ ምን ታድርግ? ልጅቱ ባሕር ማዶ የለመደ እግሯ ተነሥቶ አንድ ልጇን ይዛባት ብትሄድስ? ስትታመም ውኃ ማን ያቀብላታል? ስትሞት አፈር ማን ይመልስባታል? እሱን ጠይቃችኋታል?»

አልጠየቅናትም ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ስንስቅባት አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅናትም። ብርቄ ፍሙን ቆሰቆሰች፤ ከዚያ ሰምተነው የማናውቀውን ቀጠለች። ልጅቱ ያለ ልዑሉ ብቻዋን ቤተ መንግሥት ሄደች አለች። ንግሥቲቱ ፊት ቆማ «እመቤቴ፣ ሰው አገር የሄድኩት ቤት አጥቼ ነው። ቤት ካገኘሁ ወዴት እሄዳለሁ? ውኃውንም የማቀብልዎ እኔ ነኝ» አለች።

«ንግሥቲቱስ?» አልኩ።

«እንጃ። እዚያ ላይ የአሠሪዎቼ ልጅ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።»

አያ ሙላቱ ሳቃቸው አመለጣቸው። እማማ የሻረግ አልሳቁም። ብርቄ የላጠችላቸውን ድንች ተቀብለው ዝናቡ እስኪያባራ በሉ። ከዚያ ተነሡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ በሩ ላይ ሲደርሱ ዘወር አሉ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የአላምረው።»

«አላምረው የማን?»

«የተሰማ።»

«ተሰማስ?»

አያ ሙላቱ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እናቴ ትከሻዬን ጨመቀችው። በእኛ አገር ዘር እስከ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለጋብቻ ነው፤ ማንም የማይፈልጋትን ልጅ አያት ቅድመ አያት ሲጠይቅ አይውልም። ብርቄ እንባዋ እየቀደማት፣ አንዱን ስም እየዋጠች፣ ቆጠረች። እማማ የሻረግ ከራሳቸው ዘር ጋር በጣታቸው እያስተያዩ አዳመጡና ሲያበቁ «ዝምድና የለንም» አሉ። የብርቄ እናት ብትኖር እልል ትል ነበር። እናቴ አለችላት።

ዛሬ የሚኒባስ ረዳት ነኝ፤ ደብረ ታቦር፣ ንፋስ መውጫ፣ ደብረ ታቦር። ትምህርቱን ከስምንተኛ ጥዬዋለሁ፤ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። መኪናው እስኪሞላ ግን አንድ የልዑል ፊልም እከፍታለሁ። ጓደኞቼ «ይኼ የሴት ፊልም! መጨረሻውን ታውቀው የለ?» ይሉኛል። አዎ፣ አውቀዋለሁ። ሹፌሩ ነገ ይዞኝ ይውጣ አይውጣ አላውቅም፣ መንገዱ ክፍት ይሁን ዝግ አላውቅም፤ ከቀኔ ውስጥ መጨረሻውን የማውቀው ያንን ብቻ ነው። በዚያ ላይ ሳቅ አለበት፣ ማንም አይሞትበትም። ምን አጠፋሁ?

ብቻ አንድ ነገር ሁሌም ይቆረቁረኛል። ሁሉም ሰው ዓይኑ ልዑሉና ልጅቱ ላይ ነው፤ የእኔ ንግሥቲቱ ላይ። ዙፋኗ ላይ ተኮፍሳ አይሆንም ስትል ቁጣዋን አልፌ እጇን አያለሁ፤ ብርድ የመታው ይመስለኛል። አጠገቧ ዱካ ስቦ «እማማ፣ ምን አስፈርቶዎት ነው?» የሚላት አንድ ሰው እስኪገባ እጠብቃለሁ። አንዳንዴ ፊልሙ ሳያልቅ መኪናው ይሞላል።