ወደ ጋሸና፣ እትዬ ጥሩዬን ለማምጣት

ላሊበላ፣ ንጋት ላይ

ሹፌሩ ሰይድ ጥሩንባ አይነፋም። ሚኒባሱን ከደጃፌ ራቅ አድርጎ ያቆምና ይጠብቃል። ይህን ያስተማሩት ተሳፋሪዎቹ ናቸው፤ ጥሩንባ የሰማ ሽማግሌ ይደነግጣል፣ ከዘራውን ረስቶ ይወጣል።

በዕድሜ የገፋን ሰዎች መኪና ተጋርተን እንድንጠያየቅ ያሰበችው የእህቴ ልጅ ሰላም ናት። መጀመሪያ እየደወለች «መኪና ይፈልጋሉ?» ብላ ጠየቀች። ሁሉም «ደህና ነኝ ልጄ» አሏት። ለራሱ መኪና የሚለምን ሽማግሌ የት አለ? አሁን አንዳችን ለሌላችን መኪናውን እንልካለን። «እገሌ ልከውልዎታል» ከተባለ መቅረት ነውር ስለሆነ ይወጣሉ።

እኔም ጋሸና ለሚኖሩት የባለቤቴ ታላቅ እህት፣ ለእትዬ ጥሩዬ ላክሁ። እምቢ አሉ። ባለቤቴ ከተቀበረ ወዲህ አልተያየንም። ስለዚህ ራሴ እየሄድኩ ነው።

መንገድ ላይ

መኪናው ዳገቱን ይዟል። የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ ባሕር ዛፍ፣ ብርድ። ከኋላዬ ጋሸና ያለ ወዳጃቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ ሁለት ሽማግሎች ድሮ ስለተሸጠ በሬ ይከራከራሉ።

«የተሰበረው ግራ ቀንዱ ነው።»

«አንተማ መነጽርህን ስትፈልግ አደርህ፤ ግንባርህ ላይ ነው።»

ሰይድን «እትዬ ጥሩዬ ምን ብለው ነው እምቢ ያሉት?» አልኩት።

«‹ለቅሶ ሳልደርስ በምን ዓይኔ አያታለሁ?› አሉኝ። ያኔ የቀሩት ጉልበታቸውን አሟቸው ነው እትዬ፣ ጨክነው አይደለም።»

«አውቃለሁ» አልኩት።

ጋሸና፣ ረፋድ ላይ

የጭነት መኪኖች፣ የናፍጣ ሽታ፣ ከምግብ ቤቶቹ የሚወጣ የፍርፍር ሽታ። እትዬ ጥሩዬ ሲያዩኝ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

«ሐዘንተኛ ተነሥቶ ይመጣል? አዋረድሽኝ።»

«ልወስድዎት ነው የመጣሁት።»

«መንገደኛ ላስቸግር?»

«መኪናው እስኪወጡ ይጠብቃል። ሥራው ነው።»

ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ። ከዚያ «ጫማዬን አቀብዪኝ» አሉ።

ላሊበላ፣ አመሻሽ ላይ

ደጄ ስንደርስ ልደግፋቸው እጄን ዘረጋሁ። አልያዙኝም።

«አንቺ ቀድመሽ ግቢ። ቦታሽ ላይ ተቀመጪ። ለቅሶ ደራሽ ከሐዘንተኛዋ ጋር ተያይዞ አይገባም።»

ገባሁ። በሐዘኑ ሰሞን የተቀመጥኩበት ግድግዳ ሥር ተቀመጥኩ። ሰይድ ሞተሩን ሲያጠፋ ተሰማኝ። ከደጅ «ወንድሜን፣ ወንድሜን» የሚል ድምፅ መጣ። ከጋሸና አብረውን የተመለሱት ሁለቱ ሽማግሎች እትዬ ጥሩዬን ግራና ቀኝ ደግፈዋቸው ገቡ፤ ሰይድም ተከተለ። ከአርባው ወዲህ እኔ ብቻ የነበርኩበት ቤት በሰው ሞላ።

አልቅሰን ሲበቃን ጠጋ ብዬ ለእትዬ ጥሩዬ ከጎኔ ቦታ ሰጠኋቸው።