የጎርፉ ተጠያቂ

አስፋልቱ ሲሠራ ደስ ካላቸው የቢቸና ሰዎች አንዷ እኔ ነበርኩ። መንገዱ በአፈርና በጠጠር ተደልድሎ ከደጃፋችን በላይ ከፍ ሲል እንኳ ምንም አልጠረጠርኩም። የገባኝ ሐምሌ ላይ ነው። ከዳገቱ የሚወርደው ጎርፍ ድሮ መንገዱን አቋርጦ ያልፍ ነበር። አሁን ከመንገዱ ሥር የተቀበረችው ቀጭን ቱቦ በደለል ስትደፈን፣ ውኃው ተመልሶ ቤታችን ገባ። ለዓመት ቀለብ ያስቀመጥነው ጤፍ በከረጢቱ ውስጥ እንዳለ በቀለ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩት አባቴ ብርዱን አልቻሉትም፤ አልጋቸውን በድንጋይ ከፍ አደረግሁላቸው።

የከተማ ሥራ ይመለከተዋል ወደተባለው ቢሮ ሄድኩ። ሰውዬው ማመልከቻዬን አንብቦ ሳይጨርስ መለሰልኝ።

«መንገዱ የእኛ አይደለም፣ እኅቴ። የሠሩት ሰዎች ሞጣ ናቸው፤ እዚያ ጠይቂ።»

በማግስቱ በሚኒባስ ሞጣ ወረድኩ። በመንገድ ሠሪዎቹ ቢሮ ወረፋ ላይ ከጎኔ አንድ ሙስሊም የጨርቅ ነጋዴ ተቀምጠው ነበር። የእሳቸውንም ሱቅ የዚሁ መንገድ ጎርፍ አጥለቅልቆታል።

«ስንተኛ ጊዜሽ ነው፣ ልጄ?»

«የመጀመሪያዬ።»

«እኔ እንኳ መቁጠሩን ትቻለሁ» አሉኝ።

ተራዬ ሲደርስ መሐንዲሱ፣ «እኛ ሠርተን አስረክበናል። ቱቦ መጥረግ የከተማው ሥራ ነው» አለኝ። ከተማው የእናንተ ነው እንደሚል ስነግረው፣ «እንግዲያው ከተማው በደብዳቤ ይጠይቀን» ብሎ ቀጣዩን ሰው ጠራ። ቢቸና ተመልሼ ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ ብለምን ደግሞ፣ መጀመሪያ ኮሚቴ ይቋቋማል ተባልኩ። ኮሚቴው ግን አልተቋቋመም።

ነገሩን ሳወራላቸው አባቴ ፈገግ አሉ። «ጎርፉስ መሄጃውን ያውቃል፤ መሄጃ ያጣነው እኛ ነን» አሉኝ።

ነሐሴ ላይ የቤታችን አንድ ጎን ተናደ። ያን ጊዜ ዶማ አነሳሁ። የአስፋልቱን ጠርዝ ይዤ ቦይ ቀደድኩና ውኃውን ቁልቁል ሰደድኩት። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ ቤታችን ጠብታ አልገባበትም። ቦዩ የት እንደሚያበቃ አላየሁም ብል ውሸት ነው። ከእኛ በታች ብቻቸውን ከሚኖሩት ባልቴት ግቢ ነበር የሚያበቃው።

ጎርፉ ጓዳቸው ገብቶ እህላቸውን አበላሸ፤ ዶሮዎቻቸውንም ጠርጎ ወሰደ። ቀሚሳቸው እስከ ወገባቸው ርሶ ደጃፌ መጥተው ቆሙ።

«አንቺም እንደነሱ?» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዎች ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዘው መጡ። ያለፈቃድ መንገድ በመቁረጥና የሰው ንብረት በማበላሸት ተጠያቂ ነሽ ይላል። ክረምቱን ሙሉ ብለምን ያልተጻፈልኝ ደብዳቤ በአንድ ቀን ተጽፎ ደረሰኝ። ጽፈው ያመጡት፣ የእኔን ማመልከቻ ሲያንከባልሉ የከረሙት የከተማው ቢሮ ሰዎች ራሳቸው ናቸው።

ቦዩን በገዛ እጄ ደፈንኩት። አባቴን አማኑኤል ከተማ ካለችው እኅቴ ዘንድ ወሰድኳቸው። የተናደውን ግድግዳ በሸራ ጋርጄ እኔ እዚያው አለሁ። ባልቴቷ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ሰላምታዬን ይቀበሉኛል። ይቅርታ ልጠይቅ ሁለት ጊዜ ቤታቸው ድረስ ሄጄ፣ ሁለቱንም ጊዜ ከበራቸው ተመልሻለሁ።